ሁለት መስመሮች ሲቆራረጡ ያልታወቀውን አንግል ማግኛ፦ ከሥዕሉ እስከ ማረጋገጫው

በዚህ ጥያቄ ላይ ነጥብ የሚያስጥለው መቀነስ አይደለም። ከ180 ላይ 47 ሲነሳ ስንት እንደሚቀር ሁሉም ተማሪ ያውቃል። የሚያስጥለው፣ ሁለቱ አንግሎች ምን ዓይነት ግንኙነት እንዳላቸው ሳያዩ ወደ ሒሳቡ መሮጥ ነው። ጎረቤት የሆኑት በስህተት እኩል ይደረጋሉ። ፊት ለፊት የሚተያዩት ደግሞ ተደምረው 180 ይባላሉ። ከዚያ በኋላ ስሌቱ የቱንም ያህል ቢያምር መልሱ አይገኝም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ልማድ እንድትይዙ እፈልጋለሁ። ከቁጥሩ በፊት ምክንያቱን ጻፉ። «ጎረቤት ስለሆኑ» ወይም «ፊት ለፊት ስለሆኑ» ብሎ መጻፍ ጥቂት ሰከንድ ነው የሚወስደው።

## ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልገው

- እርሳስና ላጲስ
- ማስመሪያ
- ሁለት ቀለም እስኪርቢቶ (ሰማያዊና ቀይ ይበቃል)
- ንጹሕ ወረቀት፣ ለአንድ ጥያቄ ቢያንስ ግማሽ ገጽ
- ፕሮትራክተር፣ ግን ለመለማመጃ ብቻ

ፕሮትራክተሩን ለመልስ መፈለጊያ አታውጡት። የፈተናና የመጽሐፍ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ በትክክለኛ ልክ አይሳሉም። 70° ተብሎ የተጻፈበት አንግል ሲለካ 58° ሊሆን ይችላል። ጥያቄው እንድታስቡ እንጂ እንድትለኩ አይደለም የቀረበው።

እዚህ ሥዕል ስለሌለ አቅጣጫውን በከተማችን እንያዝ። ባሕር ዳር ላይ ቆማችሁ ወረቀቱን ዘርግታችሁታል እንበል። የወረቀቱ ላይኛው ጎን ጣና ነው። ቀኙ የአባይ ድልድይ ነው። ታችኛው የአዴት መንገድ፣ ግራው ደግሞ ኤርፖርት ነው። ሁለት መስመሮች በመስቀለኛ ምልክት ቅርጽ (×) ሲቆራረጡ አራት አንግሎች ይፈጠራሉ። የጣናው፣ የድልድዩ፣ የአዴቱና የኤርፖርቱ እያልን እንጠራቸዋለን።

## ደረጃ 1፦ ሥዕሉን እንደገና ሳሉ

1. ሁለቱን መስመሮች በማስመሪያ፣ በትልቁ ሳሉ። እያንዳንዱ ቢያንስ 12 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ትንሽ ሥዕል ላይ ቁጥሮች ይደራረባሉና አንዱ የሌላው መስሎ ይነበባል።
2. የመስመሮቹን ጫፍ በፊደል ሰይሙ። አንዱ ሀለ፣ ሌላው ሐመ ይሁን። የሚቆራረጡበትን ነጥብ ወ በሉት።
3. የተሰጠውን ቁጥር በሰማያዊ ጻፉ። የሚፈለገው ቦታ ላይ በቀይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ።
4. የተሰጠውን አንግል በትንሽ ቅስት ክበቡ። ቅስቱ ከየትኛው ክንድ (ከመቆራረጫው ከሚነሳው የመስመር ክፍል) ተነስቶ የትኛው ላይ እንደሚያልቅ በግልጽ ይታይ።

ማስጠንቀቂያ። አንግልን በአንድ ፊደል ብቻ አትጥሩ። «አንግል ወ» ብትሉ አራቱም ወ ላይ ስላሉ የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። በሦስት ፊደል ጥሩት፣ መካከለኛው ፊደል ሁልጊዜ መቆራረጫው ይሁን፦ ሀወሐ፣ ሐወለ፣ ለወመ፣ መወሀ።

## ደረጃ 2፦ መስመሩ በእርግጥ ቀጥ ብሎ ማለፉን አረጋግጡ

ብዙዎች የሚዘሉት ደረጃ ይሄ ነው። በደረጃ 3 የምናያቸው ሕጎች የሚሠሩት መስመሩ በመቆራረጫው በኩል ሳይጎብጥና ሳይቆም ካለፈ ብቻ ነው። ሁለት ነገር ተመልከቱ።

መስመሩ ይጎብጣል? ማስመሪያችሁን ከሀ እስከ ለ አስቀምጡ። ወ ከማስመሪያው ጠርዝ ላይ ከወጣች ሀለ አንድ መስመር አይደለም፣ ሁለት ክንድ ነው። በዚህ ጊዜ 180° የሚለውን ሕግ አትጠቀሙ። ሥዕሉ በልክ ካልተሳለ ደግሞ ከዓይናችሁ ይልቅ ጽሑፉን እመኑ። «ሀለ ቀጥታ መስመር ነው» ካለ ቀጥታ ነው።

መስመሩ መገናኛው ላይ ያበቃል? በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ ከጎን አይታችሁት ከሆነ፣ ከምሰሶው የሚወርደው ገመድ የመንገዱ ወለል ጋ ሲደርስ ያበቃል። ከወለሉ በታች አይቀጥልም። ይህን በመስመር ብትስሉት ሁለት አንግል ብቻ ነው የሚኖራችሁ፣ በገመዱ ግራና በገመዱ ቀኝ። ለምሳሌ አንዱን 28° ነው ብንል ሌላው 180 − 28 = 152° ይሆናል። ፊት ለፊት የሚባል አንግል ግን እዚህ የለም። የሌለውን አትፈልጉ።

## ደረጃ 3፦ ግንኙነቱን ለዩ

የሚያስፈልጓችሁ ሕጎች ሦስት ናቸው።

1. ጎረቤት አንግሎች አንድ ክንድ ይጋራሉ። ሌሎቹ ሁለት ክንዶቻቸው አንድ ቀጥታ መስመር ይሠራሉ። ድምራቸው 180° ነው።
2. ፊት ለፊት ያሉ አንግሎች (ተቃራኒ የሚባሉት) ምንም ክንድ አይጋሩም። አንዱ በሌላው ጀርባ ነው ያለው። እኩል ናቸው።
3. በነጥቡ ዙሪያ ያሉት ሁሉ ሲደመሩ 360° ናቸው።

ሁለተኛው ሕግ ከመጀመሪያው ነው የሚመጣው። የጣናውና የድልድዩ አንግል ድምር 180 ነው። የድልድዩና የአዴቱ ድምርም 180 ነው። ከሁለቱም የድልድዩን ብታነሱ የሚቀሩት፣ የጣናውና የአዴቱ፣ እኩል ይሆናሉ። ይህን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ሠርታችሁ እዩት፤ ከዚያ በኋላ ለመሸምደድ አትቸገሩም።

### ፊት ለፊቱን በጣት መፈለግ

ሁለት መስመር ብቻ ሲሆን ዓይን ይበቃል። ሦስት ሲሆን ዓይን ያታልላል። እንዲህ አድርጉ፦

1. ጣታችሁን በአንግሉ አንድ ክንድ ላይ አድርጉ።
2. መስመሩን ሳትለቁ መቆራረጫውን አልፋችሁ ወደ ማዶ ሂዱ። የደረሳችሁበትን ክንድ ምልክት አድርጉበት።
3. በሁለተኛው ክንድም እንዲሁ አድርጉ።
4. ምልክት ባደረጋችሁባቸው ሁለት ክንዶች መካከል ያለው አንግል ፊት ለፊቱ ነው።

ከሁለቱ ክንዶች አንዱ ማዶ ከሌለው (እንደ ድልድዩ ገመድ ካበቃ) ፊት ለፊት አንግል የለም ማለት ነው።

## ደረጃ 4፦ ከታወቀው ተነስታችሁ ዙሩ

የጣናው አንግል 47° ነው እንበል። ሌሎቹን ሦስቱን ፈልጉ።

- የድልድዩ፦ የጣናው ጎረቤት ስለሆነ 180 − 47 = 133°
- የአዴቱ፦ ከጣናው ፊት ለፊት ስለሆነ 47°
- የኤርፖርቱ፦ ከድልድዩ ፊት ለፊት ስለሆነ 133°

ማረጋገጫ፦ 47 + 133 + 47 + 133 = 360። ገጠመ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ጎረቤት፣ ቀጥሎ ፊት ለፊት። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ መቀነስ የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሦስቱንም በመቀነስ የሚያወጣ ተማሪ አንዷን ከሳተ ስህተቱ ወደሚቀጥሉት ይተላለፍበታል።

### ሦስት መስመሮች በአንድ ነጥብ ሲያልፉ

ስድስት አንግሎች ይፈጠራሉ። ከጣና በኩል ጀምራችሁ በሰዓት ዙረት ከ1 እስከ 6 ቁጠሯቸው። 1ኛው ከ4ኛው፣ 2ኛው ከ5ኛው፣ 3ኛው ከ6ኛው ፊት ለፊት ናቸው። በጣት ዘዴው ፈትሹት።

1ኛው 35°፣ 5ኛው 80° ቢሰጥስ?

- 2ኛው ከ5ኛው ፊት ለፊት ስለሆነ 80°
- 1ኛው፣ 2ኛውና 3ኛው በአንድ ቀጥታ መስመር አንድ ወገን ስላሉ ድምራቸው 180°፤ ስለዚህ 3ኛው 180 − 35 − 80 = 65°
- 4ኛው 35°፣ 6ኛው 65°

ማረጋገጫ፦ 35 + 80 + 65 = 180፤ ሁለት ጊዜ ሲወሰድ 360።

እዚህ ላይ የሚደጋገም ስህተት አለ። 1ኛውንና 2ኛውን ብቻ ደምሮ 180 ማለት። ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ናቸው፣ የውጭ ክንዶቻቸው ግን ቀጥታ መስመር አይሠሩም። አጠገብ መሆን ብቻውን አይበቃም። 180 ከማለታችሁ በፊት ማስመሪያውን በውጭ ክንዶቹ ላይ አድርጉ።

### የቀጤ ነክ ምልክት ካለ

መቆራረጫው ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ካያችሁ ያ አንግል 90° ነው። ምንም ቁጥር ባይጻፍበትም የተሰጠ መረጃ ነው። በአንድ ቀጥታ መስመር አንድ ወገን ሦስት አንግሎች ቢኖሩ፣ አንዱ ይህ ምልክት ቢኖረው፣ ሁለተኛው 28° ቢሆን፣ ሦስተኛው 180 − 90 − 28 = 62° ነው። ምልክቱ ከሌለ ግን ቀጤ ነክ ስለመሰላችሁ ብቻ 90 አትበሉ።

## ደረጃ 5፦ ፊደል ያለበት ጥያቄ

ብዙው ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ። ያልታወቀውን ቁጥር ቀ እንበለው።

የመጀመሪያው ዓይነት። የጣናው አንግል 3ቀ + 10፣ የአዴቱ 5ቀ − 30 ነው።

1. ምክንያቱን ጻፉ፦ ፊት ለፊት ስለሆኑ እኩል ናቸው።
2. እኩልታውን ጻፉ፦ 3ቀ + 10 = 5ቀ − 30
3. ፍቱ፦ 40 = 2ቀ፣ ስለዚህ ቀ = 20
4. መልሳችሁ አስገቡ፦ 3 × 20 + 10 = 70°። ሌላውም 5 × 20 − 30 = 70°።
5. ጎረቤቶቹን አውጡ፦ 180 − 70 = 110°

ማስጠንቀቂያ። ቀ = 20 ላይ አታቁሙ። 20 አንግሉ አይደለም። ጥያቄው «ቀ ስንት ነው» ካለ መልሱ 20 ነው። «አንግሉን ፈልጉ» ካለ 70° ነው። ሁሉን ሠርተው በመጨረሻዋ መስመር ነጥብ የሚያጡ ልጆች ያሳዝኑኛል። ጥያቄው የጠየቀውን ከመጀመሪያው አስምሩበት፣ ሲጨርሱም ተመልሶ ማየት ነው።

ሁለተኛው ዓይነት። የጣናው 2ቀ + 15፣ የድልድዩ 4ቀ − 9 ነው።

1. ምክንያት፦ ጎረቤት ስለሆኑ ድምራቸው 180 ነው።
2. (2ቀ + 15) + (4ቀ − 9) = 180
3. 6ቀ + 6 = 180፣ 6ቀ = 174፣ ቀ = 29
4. 2 × 29 + 15 = 73°፤ 4 × 29 − 9 = 107°
5. ማረጋገጫ፦ 73 + 107 = 180

ይህንኑ ጥያቄ ምክንያት ሳይጽፍ የጀመረ ሰው 2ቀ + 15 = 4ቀ − 9 ብሎ ቀ = 12 ያወጣል። ሁለቱም አንግሎች 39° ይሆኑለታል። እኩል ስለመጡ ልክ የሠራ ይመስለዋል። ግን 39 + 39 = 78 ነው፣ ጎረቤቶች ደግሞ 180 መሆን አለባቸው። ማረጋገጫውን በእኩልታው ሳይሆን በሥዕሉ ላይ አድርጉ የምለው ለዚህ ነው። የተሳሳተ እኩልታ ራሱን አያጋልጥም።

ቅንፉንም አትዝለሉ። በመደመር ጊዜ ብዙ አይጎዳም። 180 − (4ቀ − 9) ስትሉ ግን ውጤቱ 180 − 4ቀ + 9 ነው። ቅንፍ ያልጻፈ ሰው − 9 ብሎ ይቀጥላል።

## ደረጃ 6፦ ሁለት ትይዩ መስመሮችን ሦስተኛ ሲቆርጣቸው

ሁለት ትይዩ መንገዶችን አንድ ሰያፍ መንገድ ሲቆርጣቸው ሁለት መስቀለኛ ይፈጠራል፣ ስምንት አንግሎች ማለት ነው። አትደንግጡ። በስምንቱ ውስጥ ያሉት ሁለት የተለያዩ ልኮች ብቻ ናቸው። (ቆራጩ ቀጤ ነክ ከሆነ ደግሞ ስምንቱም 90° ናቸው።)

በመጀመሪያ አንድ ነገር አረጋግጡ። ትይዩ መሆናቸው በቀስት ምልክት ወይም በጽሑፍ ተነግሯል? ካልተነገረ ከአንዱ መስቀለኛ ወደ ሌላው ምንም ቁጥር አታሻግሩ። ትይዩ መምሰል አይቆጠርም።

ከተነገረ እንዲህ ይሻገራል፦

- ተመሳሳይ ቦታ ያሉት እኩል ናቸው። በላይኛው መስቀለኛ ከላይ በቀኝ ያለው፣ በታችኛው መስቀለኛ ከላይ በቀኝ ካለው ጋር።
- በሁለቱ ትይዩዎች መካከል ሆነው በቆራጩ ግራና ቀኝ ተሻግረው ያሉት እኩል ናቸው።
- በሁለቱ ትይዩዎች መካከል ሆነው በቆራጩ አንድ ወገን ያሉት ድምራቸው 180° ነው።

ምሳሌ። ተሻግረው ያሉት ሁለት የውስጥ አንግሎች 4ቀ − 11 እና 3ቀ + 14 ናቸው። እኩል ስለሆኑ 4ቀ − 11 = 3ቀ + 14፣ ቀ = 25። አንግሉ 4 × 25 − 11 = 89° ነው። ሥዕሉ ላይ 90 ይመስላል፣ ግን 89 ነው። ጎረቤቱም 91°።

ሌላ። በአንድ ወገን ያሉት የውስጥ አንግሎች 5ቀ + 2 እና 3ቀ + 10 ናቸው። ድምራቸው 180 ስለሆነ 8ቀ + 12 = 180፣ ቀ = 21። አንግሎቹ 107° እና 73° ናቸው።

ሕጉ ከጠፋባችሁ አቋራጭ አለ። ሁለቱም አንግሎች ሹል (ከ90 በታች) ከሆኑ እኩል ናቸው። ሁለቱም ከ90 በላይ ከሆኑም እኩል ናቸው። አንዱ ሹል ሌላው ሰፊ ከሆነ ድምራቸው 180 ነው። ለትይዩዎች ብቻ ይሠራል፣ ሥዕሉ በልክ ካልተሳለም ሊያሳስት ይችላል። ለመጠርጠሪያ እንጂ ለመልስ ወረቀት ምክንያት አይሆንም።

## ደረጃ 7፦ ሦስት መስመሮች ሦስት ጎን ሲሠሩ

ሦስት መስመሮች በአንድ ነጥብ ሳይሆን ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ነጥብ ሲቆራረጡ መካከላቸው ሦስት ጎን ይወጣል። የውስጥ አንግሎቹ ድምር 180° ነው። የተሰጡት ቁጥሮች ግን ብዙ ጊዜ ውጭ ናቸው። መጀመሪያ ወደ ውስጥ አስገቧቸው።

ለምሳሌ ሦስቱን መቆራረጫዎች ሀ፣ ለ፣ ሐ እንበላቸው። በሀ ላይ ከውስጠኛው ፊት ለፊት ያለው 50° ነው። በለ ላይ የውስጠኛው ጎረቤት 118° ነው። በሐ ላይ ያለው ውስጠኛ ይፈለጋል።

- ሀ ውስጥ፦ ፊት ለፊት ስለሆነ 50°
- ለ ውስጥ፦ ጎረቤት ስለሆነ 180 − 118 = 62°
- ሐ ውስጥ፦ 180 − 50 − 62 = 68°

118ን እንዳለ ወደ ሦስት ጎኑ የሚያስገባ ሰው ሐን 12° ያወጣዋል። ቁጥሩ ከመስመሩ በየትኛው ወገን እንደተጻፈ ሁለት ጊዜ እዩ።

## መሬት ላይ መለማመጃ

ወረቀት ላይ የማይገባው ልጅ ካለ ውጭ አውጡት። የሐይቁ ዳር ሜዳ ወይም የግቢ መሬት ይበቃል። መስቀለኛ መንገድ ላይ አትሞክሩት፣ ባጃጅ አለ።

1. አራት አጭር ችካልና ሁለት ሲባጎ አዘጋጁ። እያንዳንዱ ሲባጎ 2 ሜትር ያህል ይሁን።
2. ሁለቱን ሲባጎዎች አቆራርጣችሁ በችካል ወጥሩ። መገናኛው ላይ አትቋጥሩ። ቋጠሮ ሲባጎውን ያጎብጠዋል፣ ያኔ ቀጥታ መስመር መሆኑ ይቀራል።
3. አንዱን አንግል ብቻ በፕሮትራክተር ለኩ።
4. ሦስቱን በስሌት አውጡና ጻፉ።
5. አሁን ሦስቱንም ለክታችሁ አስተያዩ። 1 ወይም 2 ዲግሪ ልዩነት ከሲባጎው ውፍረትና ከአነባበብ ስለሚመጣ አያሳስብ።
6. አንዱን ችካል ነቅላችሁ ወደ ጎን አንቀሳቅሱ። አንዱ አንግል ሲሰፋ ፊት ለፊቱ አብሮ ይሰፋል፣ ጎረቤቶቹ ይጠባሉ።

ልዩነቱ በጣም ከሰፋ፣ ለምሳሌ 47 ሲጠበቅ 133 ካነበባችሁ፣ የፕሮትራክተሩን የተሳሳተ ረድፍ ነው ያነበባችሁት። ፕሮትራክተር ሁለት የቁጥር ረድፍ አለው። በክንዱ ላይ 0 ከሚለው ረድፍ ጀምሩና በዚያው ጨርሱ።

## መልሱ እምቢ ሲል

አንግሉ ከ0 በታች ወይም ከ180 በላይ ወጣ። እኩልታው ተሳስቷል። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱና ግንኙነቱን እንደገና ለዩ። ቀ ራሱ ግን ከዜሮ በታች ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ 50 − 2ቀ ላይ ቀ = −5 ቢሆን አንግሉ 60° ነው፣ ችግር የለበትም።

ክፍልፋይ ወጣ። ብቻውን ስህተት አይደለም። 36.5° የሚባል አንግል አለ። ማረጋገጫው ከገጠመ እለፉ።

ድምሩ 360 አልመጣም። መጀመሪያ ፊት ለፊቶቹ እኩል መሆናቸውን እዩ። እኩል ከሆኑ ስህተቱ መቀነሱ ላይ ነው።

የሚፈለገውን ለማግኘት መንገድ ጠፋ። ከጥያቄ ምልክቱ ተነስታችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ይህን ለማወቅ የትኛው ጎረቤት ቢታወቅ ይበቃኛል ብላችሁ ጠይቁ። ካልሆነ ደግሞ ማግኘት የምትችሉትን አንግል ሁሉ ሙሉ። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በመንገድ ላይ ይገኛል።

ሁለት ፊደል አለ። ሁለት እኩልታ ያስፈልጋችኋል። አንዱን ከፊት ለፊት፣ አንዱን ከጎረቤት አውጡ።

## ሞክሩት

1. የኤርፖርቱ አንግል 118° ነው። ሌሎቹን ሦስቱን አውጡ።
2. የድልድዩ 7ቀ − 5፣ የኤርፖርቱ 4ቀ + 40 ነው። የጣናው ስንት ነው?
3. የጣናው አንግል ከድልድዩ በ24° ይበልጣል። አራቱንም ፈልጉ።

መልስ፦ 1) ድልድዩ 118°፣ ጣናውና አዴቱ 62°። 2) ቀ = 15፣ ድልድዩና ኤርፖርቱ 100°፣ ጣናው 80°። 3) ድልድዩ 78°፣ ጣናው 102°፣ አዴቱ 102°፣ ኤርፖርቱ 78°። ሦስተኛው ካልመጣላችሁ ድልድዩን ቀ፣ ጣናውን ቀ + 24 በሉና ጎረቤት መሆናቸውን ጽፋችሁ ጀምሩ።